ሞሮኮ ላይ የጾምኩት ጾም

ልጄ በኮሌጅ እረፍቷ ሞሮኮ ሄጄ በነጻ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ስትለኝ ከሶፋው ብድግ አልኩ። ሰፈራችን ያለው ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መኪና መንዳት የምትፈራ ልጅ ብቻዋን አፍሪካ! አንቺ ራስሽ ከአፍሪካ አይደለሽም ወይ አለችኝ። ቢሆንም አልኳት። ዴንቨር ካለው ሥራዬ ፈቃድ ለምኜ እኔም በጎ ፈቃደኛ ተብዬ ተመዘገብኩ። ፈቃዴ እሷን መጠበቅ ነበር እንጂ ሌላ በጎነት አልነበረኝም።

ያሳረፉን ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ቤት ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር፣ ልጄ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛዋ እናቴ ጾመኛ ናት ብላ ነገረችልኝ። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ምግብ የሚባል ነገር ከፊቴ ጠፋ።

እኔ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስርም ድንችም ብቻ የተገኘውን እቀምሳለሁ። እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ቀለም ስቀባ ውዬ እመለሳለሁ፤ ልጄ ጓዳ ውስጥ ዶሮ ትግጣለች። ለመጠየቅ ደግሞ አፌ አይታዘዘኝም። ሰው ቤት ተቀምጬ ራበኝ ከምል ብሞት ይሻለኛል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጉድ ነው። ሥጋ ያለበት ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወተት ይደረደርልኛል። ከዚያ ሁሉ መሃል ቴምርና ዳቦ ብቻ ሳነሳ፣ ሴትዮዋ ከአሜሪካ ቅድስት ሴት መጣችልኝ ብለው ለጎረቤት አወሩ። ክብሩ ደስ ይላል፣ ሆዴ ግን አልተቀበለውም።

አንድ ቀን ቀለሙ አልቆ በሰባት ሰዓት ተመለስኩ። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው መርፌያቸውን አይቼ አውቅ ነበር። ሥራዬ ነርስ ማገዝ ስለሆነ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደነገጥኩ። ይሉኝታዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ጓዳቸውን አተራምሼ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው። ቀስ እያሉ ሲመለሱ ልጄን ጠርቼ፣ ዛሬ ምን እንደበሉ ጠይቂልኝ አልኳት።

"ምንም አልበሉም" አለች ልጄ። "እኛ ከመጣን ጀምሮ ቀን ቀን አይበሉም። እንግዳዬ ቤቴ ውስጥ ብቻዋን አትጾምም ነው የሚሉት።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምበላ፣ የማልነካው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ እንደሆነ አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ አፍጥጠው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ ታዲያ ሁለታችንንም በረሃብ ሊገድለን የነበረው ማን ነው አሉ። ሁለታችንም ወደ ልጄ ዞርን።

"አንቺ፣ እስከ ማታ ትጾማለች ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ያየሁትን ነው የነገርኳቸው ማሚ። ሳይመሽ ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም እኮ። ሁልጊዜ ሥራ ነሽ።"

ሴትዮዋ ምን አለች እያሉ ይጠይቃሉ፤ ልጄ ልትተረጉም ስትል ተይው አልኳት። ዳቦና ወይራ አቀረቡልን። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ እያየችኝ በላሁ።