መምህርት እስከዳርና ማናለብኝ የተባለው ውሻ

እስከዳር ገብረ ሕይወት የተወለደችው ብቸና ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ቤታቸውን ከቅኔ ጉባኤ ቤቱ የሚለየው አንድ አጥር ስለሆነ ልጅቷ ያደገችው የተማሪዎቹን ቅኔ እየሰማች ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት ስለ ቤታቸው ድመት ግጥም ቢጤ አውጥታ ብትነግራቸው መሪጌታ ከልባቸው ሳቁና፣ «ይህ ለድመቷ ይበቃታል» አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም። በእሳቸው ዘንድ ለሰው የሚነገር ነገር ሰምና ወርቅ ያለው ነው፤ ተረት ልጅ እስኪተኛ ማባበያ ነው።

ደብረ ማርቆስ በመምህርነት ሠልጥና ሞጣ ተመደበች። ብዙ ዓመት ካስተማረች በኋላ አራተኛ ክፍል ውስጥ ጸደንያ የምትባል ልጅ ገጠመቻት። ጸደንያ የአማርኛ መጽሐፏን ከፍታ እንደ ውኃ ታወርደዋለች፤ መካከል ላይ አንድ ቃል ነጥለው ቢያሳዩዋት ግን አታውቀውም። ጓደኞቿ ሲያነቡ እየሰማች ሁሉንም በቃሏ ይዛው ኖሯል። እስከዳር አልተቆጣችም። ይህች ልጅ ማንም ያላነበበው ነገር ያስፈልጋታል ብላ በፈተና ወረቀት ጀርባ ስለ አንድ ውሻ አንድ ገጽ ጻፈችላት። ጸደንያ ገጹን ለማንበብ አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው ቀን መጥታ፣ «ቲቸር፣ ከዚያስ ውሻው ምን ሆነ?» አለች።

እስከዳር «ከዚያስ»ን አላሰበችበትም ነበር። በማግሥቱ ሁለተኛ ገጽ ይዛ መጣች። እንዲህ እያለ ጽሑፉ ሠላሳ ገጽ ደረሰ፤ የክፍሉ ልጆችም እየተቀባበሉ አነበቡት።

ውሻው ማናለብኝ ይባላል። ባለቤቱ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ውሻው ግን የቁራሽ መያዣ አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የሚለምኑ የቆሎ ተማሪዎችን ከባልቴቷ ደጅ አያስደርስም። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ተማሪ ከለመነው እንጀራ ቆርሶ ይጥልለታል፤ ውሻው ጅራቱን ይቆላል፤ ወዳጅ ይሆናሉ። እስከዳር ይህንኑ ወደ ተውኔት ለውጣ ለመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ በዓል ልጆቹን አለማመደች።

በዕለቱ፣ ውሻውን የሚጫወተው ፋንታ ቶንሲል ይዞት ድምፁ ተዘጋ። ወላጆች ግቢውን ሞልተዋል፤ ከወረዳ የመጡ እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። እስከዳር ከጆንያ የተሰፋውን ጭንብል አጠለቀች፤ በእጇና በጉልበቷ ሆና መድረክ ላይ ወጣች፤ እንደ ውሻ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷም ተውኔቱን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው።

ርእሰ መምህሩ አቶ ይታያል አልሳቁም። ቢሮ አስጠሯት።

«መምህርት፣ በእንግዶች ፊት በአራት እግር? የመምህር ክብር የት ገባ?»

«ልጆቹ ሲያለቅሱ ምን ላድርግ?»

«ፕሮግራሙን መሰረዝ ነበር።»

«ስድስት ሳምንት የለፉበትን?» ብላ ወጣች። ቢሮ ውስጥ ደፍራ ብትመልስም ቤቷ ስትገባ አፈረች። ገበያ ስትወጣም ከኋላዋ «ው! ው!» የሚሏት አልጠፉም።

ወሬው ከሚኒባስ ተሳፋሪ ጋር ሳምንት ሳይሞላው ብቸና ገባ። አባቷ ደወሉ።

«እስከዳር፣ የመሪጌታ ልጅ እንደ ውሻ ጮኸች ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ።»

«በደንብ ጮኽሽ?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ስመጣ አያለሁ» አሉና ዘጉት።

እንዳሉትም መጡ። ከንግሡ ማግሥት እስከዳር ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ተውኔቱን ለእሳቸው ብቻ እንዲያሳዩ አደረገች፤ ፋንታ ድኖ ስለነበር ውሻው እሱ ሆነ። መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው አዩ። ሲያልቅ ልጆቹ ጭብጨባ ሲጠብቁ፣ «መጨረሻው ውሸት ነው» አሉ።

የእስከዳር ፊት ጋለ። «ለልጆች ነው እኮ አባባ።»

«ልጆች ውሻ አያውቁም ልትዪኝ ነው?» ብለው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ባታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩ። «ተማሪ ሳለሁ የጥኖራ በምትባል ከተማ አጠገብ ውሻ የነከሰኝ ነው። እንጀራ ብጥልለት እንጀራውን በልቶ ነከሰኝ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መሮጡ ታከተኝና መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። መጣ፣ አሸተተኝ፣ ዞረኝ፣ ዞረኝና እሱም ቁጭ አለ።»

«ከዚያስ፣ ወደደዎት?» አለች ጸደንያ።

«ምን ይወደኛል! ሰለቸሁት እንጂ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እስከዳር አልሳቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ ከአባቷ ጋር እምብዛም አላወራችም፤ ያን ሁሉ ለፍታ አንዴ እንኳ «ደግ አደረግሽ» አለመባሏ ቆጭቷት ነበር። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ስትሸኛቸው ግን አላስቻላትም።

«አባባ፣ ውሻው ሲያሸትዎት ምን ያስቡ ነበር?»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ነገሯት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ባገኘችው ወረቀት ላይ ጻፈችው።

ክረምቱን ሙሉ ታሪኩን ከመሠረቱ አፍርሳ ሠራችው። አዲሱ ማናለብኝ ቶሎ አይገራም። ተማሪውም ቶሎ አይጀግንም፤ ይፈራል፣ በሌላ መንደር ዞሮ ይሄዳል፣ ጦሙን ያድራል። ውሻው አጠገቡ እስኪቀመጥ ሰባ ገጽ ይፈጃል። መጽሐፉ በሁለተኛው ዓመት ባሕር ዳር ታትሞ በካርቶን ሲመጣ አቶ ይታያል ራሳቸው ተሸክመው ቤተ መጻሕፍት አስገቡት። ስለ ጩኸቱ ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም።

ዛሬ እስከዳር አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ ትጽፋለች። ሦስት የልጆች መጽሐፍና ስድስት ተውኔት አላት፤ ከተውኔቶቿ ሁለቱ ብቸና ላይ ታይተዋል። ሁለተኛውን መጽሐፏን ልጆች አልወደዱትም፤ ምክር በዝቶበት እንደነበር እሷም ታምናለች።

የመሪጌታ ዓይን ደክሟል። አዲስ ምዕራፍ ስትጨርስ በስልክ ታነብላቸዋለች። ደስ ሲላቸው ዝም ይላሉ፤ ሳይጥማቸው ሲቀር፣ «ቆይ፣ ድገሚው» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስደገሟት። በአራተኛው ሰርዛት አለፈች።

«አሁን ቀጥይ» አሉ።