በጣውላው ግቢ የታሰሩት ፈረሶች

እንጅባራ ላይ ግብር በዛብኝ የሚል ድርጅት ሁሉ የሚሮጠው ወደ ጠበቃ ዋጋዬ ነው። አንቀጽ ሲደረድሩ የሚውሉ ጠበቆች ሞልተውናል፤ እሷ ግን መጠየቅ ታውቃለች።

ዘንድሮ ለአገሩ አዲስ የሆነ የግብር ሠራተኛ በአንድ የጣውላ ድርጅት ግቢ ብዙ ፈረስ ታስሮ አየና፣ "የማጓጓዣ ገቢም አለው" ብሎ ግብር ጨመረበት። ድርጅቱ አቤት አለ።

"ግቢውን ያዩት መቼ ነው?" ስትል ዋጋዬ አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ጠየቀችው።

"ጥር ሃያ ሦስት።"

ኮሚቴው ሳቀ። ያ ቀን የፈረሰኞች በዓል ነው፤ እንግዳ ሁሉ ሰፊ ግቢ ፈልጎ ፈረሱን ያስራል።

እሷ ግን ሳትስቅ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። "ጋሼ ይኸነው፣ እዚያ ግቢ ታስሮ የነበረው ዳማ ፈረስ የእርስዎ አልነበረም?"

"የእኔ ነው" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ማሰሪያ እንኳ አላስከፈሉኝም።"