ለጋዋን ዱባ የጠቆምሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ተረት የምንሰማው ከአያ ዓለሙ ነበር። አያ ዓለሙ የእናቴ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ከዛፍ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተጎዳ እርፍ መጨበጥ አልሆነላቸውም፤ እርሻው ለወንድሞቻቸው ቀረ፣ ጓሮው ደግሞ የሳቸው ሆነ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ኮክ፣ ጌሾ፣ የማይበቅልበት ነገር አልነበረም። ኩራታቸው ግን ዱባው ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ አመሻሹ ላይ፣ የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ይንጣጣል፣ እርጥቡ የባሕር ዛፍ እንጨት ጭሱን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅርብናል፤ ያኔ እኛ በኩራዙ ብርሃን ዓይናችንን እየጠራረግን፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠን አፍ አፋቸውን እናይ ነበር። ከሁሉም የምወደው የዱባን ተረት ነው። ዱባ ዓይነ አፋር ሙሽራ ነበረች ይሉናል። ተሸፋፍና በበቅሎ ወደ አማቶቿ ቤት ስትሄድ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ «ያችትና! ያችትና!» እያለ በጣቱ ጠቆማት። እፍረቱን ስላልቻለችው ከበቅሎዋ ወርዳ ቅጠል ሥር ተሸሸገች። ዛሬም ለጋ ዱባን ሰው በጣቱ የጠቆመ እንደሆነ አፍራ ትረግፋለች።

የሰባት ዓመት ልጅ በነበርሁበት ክረምት፣ አያ ዓለሙ ከገበዝ ማርያም ገበያ አዲስ የዱባ ዘር አመጡ። ማር ማር ይላል የተባለለት ነው። ከዘሩ የበቀለው አንዱ ብቻ ነበር። ሐረጉ ጌሾው ላይ ሳይቀር ወጥቶ ተንሰራፋ፤ ዝናቡ ግን አላባራ ብሎ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አልያዘም። አያ ዓለሙ ደግሞ ፍሬ ከያዘ ዘሩን ለጎረቤቱ ሁሉ ሊያካፍሉ ቃል ገብተው ነበርና ጠዋት ማታ ቅጠሉን እየገለጡ ያያሉ።

አንድ ቀን ጎመን ቀንጥሰሽ ነይ ተብዬ ጓሯቸው ስገባ፣ ቅጠል ሥር እንቁላል የምታህል ዱባ አየሁ። ደስታ አእምሮዬን ነሳኝና «ያችትና!» ብዬ ጠቆምኋት። ማንም አልሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆና መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት።

ለሰው አልተናገርሁም። ጣቴን ጨብጬ ደበቅኋት። የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር፣ ሌላው በጣቱ እየነካ ሲያነብ እኔ በክርኔ ነካሁ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የኔታ «ጣትሽን ምን ነካው?» ቢሉኝ ጭብጤን ከጀርባዬ ሸሸግሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ቤት ነበር። ገና በእንብርክኩ የሚሄደውን ወንድሜን በስሕተት ብጠቁመው ይሞታል ብዬ፣ ወደኔ ሲመጣ እሸሸው ጀመር። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እኔም ደጅ ወጥቼ አለቅሳለሁ። እናቴ ግራ ቢገባት እጄን ይዛ አያ ዓለሙ ዘንድ ወሰደችኝ።

«ምነው ልጀ፣ ምን ሁነሽ ነው?» አሉኝ።

«አያ፣ ዱባዎን የገደልኋት እኔ ነኝ። ጠቆምኋት።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በሐዘን ዳመነ። ዱላቸውን አንሥተው «ነይ ተነሽ» ብለው ወደ ጓሮው ወሰዱኝ። ተረት ፍለጋ የመጡት ልጆችም ተከተሉን። ዝናቡ ጋብ ካለ ወዲህ ሐረጉ ሁለት ፍሬ ይዞ ነበር። አያ ዓለሙ ቅጠሉን ገለጡና ሁለቱንም በጣታቸው ጠቆሟቸው።

«ያችትና! ያችውልሽ!»

ጮኼ እጃቸው ላይ ተንጠለጠልሁ።

«የፊተኛዋን የጣላት ዝናቡ ነው» አሉኝ፤ «ዝናብ ሲበዛ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም። ንብ ያልገባባት አበባ ደግሞ ፍሬዋ አይጸናም።»

«ታዲያ ተረቱስ?»

«አጥሩ ፍየል ይመልሳል እንጅ ልጅ አይመልስልኝም። ለጋውን እየነካካችሁ ብትጥሉብኝ ጊዜ ከራሴ ያወጣሁት ተረት ነው። እንዲህ ያስፈራሻል ብየ አላሰብሁም። ይቅር በይኝ ልጀ።»

ያኔ ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ ወንድሜን አቅፌ አፍንጫውን በዚያችው ጣቴ ነካሁት፤ ሳቀ።

አያ ዓለሙ ግን ዋጋ ከፈሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሚፈራ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም እየመጣ ይጠቁማል፣ ይዳብሳል፣ አንደኛዋን ዱባም ጣሏት። ሁለተኛዋ ተርፋ ጥቅምት ላይ ስትቆረጥ፣ እውነትም ማር ማር ትል ነበር፤ ዘሯም ለየቤቱ ደረሰ።

ዛሬ የምኖረው ቡሬ ነው። ከቢሮ ስመለስ ጓሮዬ እገባለሁ፤ አቦካዶም፣ ፓፓያም፣ በርበሬም፣ ዱባም አለኝ። አያ ዓለሙ ካረፉ ቆይተዋል። ከሳቸው የሰማሁት ተረት አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የአንዱን መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ስለማምታታ ልጆቼ ይስቁብኛል። በዚህ አልከፋም፤ የዱባው ዕለት ግን አልጠፋብኝም። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ለልጅ ብሎ ሲያበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደምወደድም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።