ጋሽ አለልኝ ያቆዩልን ሰማያዊ ጨው

ዛሬ የጋሽ አለልኝን የዓመታት ልፋት በገዛ እጄ ደፋሁት።

ጋሽ አለልኝ እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ የትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበሩ። በቅርቡ ቀበርናቸው።

ዛሬ ከተማሪዎቼ ጋር ያለ እሳቸው ቤተ ሙከራ ገባን። ሰማያዊውን ጨው፣ ኮፐር ሰልፌትን፣ ስናሞቀው ውሃው ተንኖ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ዱቄቱን በውሃ አጥቤ ደፋሁት።

ባዶውን ጠርሙስ ሳነሳ ከጀርባው የእጅ ጽሑፋቸውን አየሁ፦ «መምህርት፣ ሌላ የለንም። ውሃውን መልሽለትና መስኮት ላይ አድርቂው።»

ነጩ ዱቄት ውሃ ሲመለስለት እንደገና ሰማያዊ ይሆናል፤ ለካ በየዓመቱ የምናሞቀው እሳቸው እንዲህ እየመለሱ ያቆዩልንን ያንኑ ጨው ነበር! እኔ ደግሞ አዲስ የሚላክልን ይመስለኝ ነበር። (ጠመኔ እንኳ በልመና በሚገኝበት ትምህርት ቤት!)

ነገ የሌላኛው ክፍል ተራ ነው። ምን ላሳያቸው?

እናንተስ፣ ከቀበራችሁት በኋላ ልፋቱን ያወቃችሁለት ሰው አለ?