ጫማ ያለው ቅያሪ

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ወረፋ ስጠብቅ እንኳ ሦስቴ ተነስቼ አራቴ እቀመጣለሁ። ቅያሪ የሚባለው ቃል የሚያበሳጨኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ስንጫወት ቅያሪ አያስፈራም ነበር፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል። በቦክስ ጭራሽ የለም፤ ከገጠምህ ትቀምሳታለህ። እኛ መተማ አጠገብ ኮኪት፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ ማሳው ላይ በምንጫወተው እግር ኳስ ደግሞ ቅያሪ ማለት ውሃ መጠጣት ነው። በዚያ ሙቀት ማን እስከ መጨረሻው ይሮጣል? ትወጣለህ፣ ጫማ ከሰው ስለሚያንስ ጫማህን ለሚገባው ታወልቅለታለህ፤ ትንፋሽህ ሲመለስ ተቀብለህ ትገባለህ። ባለጫማ ሲጠይቅ ለምን የሚል የለም።

አንድ ዓመት መተማ ላይ እንድንጫወት ተጠራን። ለዞኑ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች መጥተዋል ተባለ። እኔ ከሰሊጥ ማሳ የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም፤ እንደ እብድ ሮጥሁ። ከእረፍት በኋላ ጉሮሮዬ ሲደርቅ እንደልማዴ እጄን አወጣሁና ወጣሁ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ፣ አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ጫማዬን አጥልቆ ገባ።

ከጀሪካኑ ጠጥቼ ልመለስ ስል ዳኛው አስቆመኝ።

«የት ነው? የወጣ አይገባም!»

«ውሃ ልጠጣ እኮ ነው የወጣሁ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ጓደኛዬ ኳስ በነካ ቁጥር መራጮቹ ይጽፋሉ። ቅናት አንገበገበኝ። ጫማው የእኔ አይደል? ባዶ እግር ደግሞ አይፈቀድም፤ ካወለቀ እሱም ይወጣል።

«ጫማዬን!» ብዬ ጮኽሁ።

ኳሱ ወደ ውጭ እንደወጣ እየሮጠ መጣ። ተንበርክኮ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። ቅር እንኳ አላለውም።

«ትንፋሽህ ተመለሰ፣ ወንድምዓለም?» አለኝ።

ሕጉን እሱም አያውቀውም፤ ዳኛው ያለኝንም ከሩቅ አልሰማም። የምገባ መስሎት ነው። አፈርሁ።

«ኧረ ገና ነኝ። ማሰሪያው ላልቷል ልልህ ነው» አልሁና ጎንበስ ብዬ በሁለት ቋጠሮ አጥብቄ አሰርሁለት።

መራጮቹ እሱን ወሰዱት፣ ከነጫማዬ። እኔ በባዶ እግሬ ኮኪት ገባሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱን ሙሉ ስሳደብ ነበር።