ከቀዶ ጥገናዬ በፊት የጻፍኩት ኑዛዜ

መጀመሪያ የሻከረው ድምፄ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ግን የዕድሜዬ ግማሽ አልፏል። አንድ ጠዋት ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «ቲቸር፣ አይሰማም» አሉኝ። ጉንፋን መሰለኝና ዝንጅብል በማር ስጠጣ ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ሻርፕ ስጠመጥም አንገቴ ላይ በስተግራ እንደ ሽንብራ የጠጠረ ነገር በጣቴ ነካሁ።

አልትራሳውንድ ተነሣሁ። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ አልተጣደፈም።

«የታይሮይድ ካንሰር ነው። ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ዕጢው ግን ወደ ድምፅ ነርቭ ተጠግቷል፤ ቶሎ መውጣት አለበት።»

«በቀዶ ጥገናው ልሞት እችላለሁ?»

«ዕድሉ ትንሽ ነው። ጭራሽ የለም ግን አልልዎትም።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ሩታን ነው።

ሩታን አልወለድኳትም። እናቷ ጎረቤቴና የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። እሷ ስታርፍ ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሚወስዳት ዘመድ ስላልተገኘ እኔ ዘንድ አደገች። አሁን ነርሲንግ ትማራለች፤ የምትጠራኝም በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ብላ ነው። ጉዲፈቻውን በፍርድ ቤት ማጸደቅ ግን ይደርሳል እያልኩ ሳላደርገው ቀረሁ።

በዚያው ቀን ከደብተር ወረቀት ቀድጄ «መቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለውን ቤቴን ለሩታ ሰጥቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ፈረምኩ፤ ሩታ ምስክር ሆና ፈረመች። በማግስቱ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ቢሮ ላላቸው ጠበቃ፣ ለአቶ ሐፍቶም፣ አሳየኋቸው።

«መምህር፣ ይህ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። «ኑዛዜ መሆኑን አይናገርም፤ ቀንም የለውም። ደግሞ የምትወርሰውን ልጅ ምስክር አድርገዋታል። ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው አይጠቀምም።»

«እንዲሁ ብሞትስ ቤቱ የማን ይሆናል?»

«ወላጆችዎ የሉም፤ ልጅ አልወለዱም። የወንድምዎ ነው። ሕጉ ሩታን አያውቃትም።»

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱን ስሠራ አንድ ክረምት ሙሉ መጥቶ አብሮኝ ደክሟል። የከበደኝም ይኸው ነው። ደወልኩለት። በሚያንሾካሹክ ድምፅ ቀዶ ጥገና እንዳለብኝና የመቀሌውን ቤት ለሩታ፣ ከአባታችን ቤት ያለኝን ድርሻ ለእሱ ልናዘዝ እንደሆነ ነገርኩት።

ከዚያ «እትዬ፣ የዚያን ቤት መሠረት አብሬሽ ቆፍሬያለሁ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የደወልኩት።»

ስልኩን ዘጋው። ሁለት ቀን አልደወለም። በሦስተኛው ቀን ከደሴ በአውቶቡስ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። «ስለ ቤቱ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «መንገድ ላይ ሳስበው ግን አንቺን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። አሁን ምን ልርዳ?»

አቶ ሐፍቶም እኔ ስነግራቸው ጻፉት። ከኑዛዜው ምንም የማይደርሳቸው አራት ጎረቤቶቼ ምስክር ሆኑ። ድምፄ ስለማይወጣ ጽሑፉን እሳቸው በሁላችን ፊት ጮክ ብለው አነበቡት፤ ቀኑ ተጻፈ፤ ሁላችንም ፈረምን። ከቢሮው ስወጣ ከብዙ ቀን በኋላ ራበኝ።

ሰኞ ሆስፒታል ገባሁ። ማደንዘዣ ተሰጠኝ። ስነቃ አንገቴ ላይ ቱቦ አለ። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

«ነርቩ አልተቆረጠም፤ ተነካክቶ ነው» አለ ሐኪሙ። «ጊዜ ይስጡት።»

ጊዜ ሰጠሁት። ጣቶቼን ሲነዝረኝ ካልሲየም፣ በየማለዳው ደግሞ በባዶ ሆዴ የታይሮይድን ሥራ የሚተካ ታይሮክሲን እየወሰድኩ፣ ከሩታ ጋር የእንዳ ኢየሱስን ዳገት መጀመሪያ እስከ ግማሹ፣ በኋላም እስከ ላይ እየወጣሁ ከረምኩ። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ከጓሮ «ሩታ» ብዬ ስጣራ ከውስጥ «አቤት አደይ» አለችኝ፤ ሁለታችንም ባለንበት ቆመን ቀረን። ዛሬ በትንሽ ማይክሮፎን እያስተማርኩ ነው፤ የመጨረሻው ምርመራዬም ንጹሕ ነው። ሐኪሞቼን፣ አስታማሚዎቼን፣ ፈቅደው የፈረሙልኝን ጎረቤቶቼን አመሰግናለሁ። ጌታቸውንም።

እንደኔ ቀጠሮ ተሰጥቷችሁ ለምትጠብቁ፦ ኑዛዜ ለባለጸጋ ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ለየብቻ ተናዘዙ፤ በአንድ ወረቀት አብሮ መናዘዝ አይቻልም። የትዳር ጓደኛም የጋራ ንብረት ግማሹ የራሱ ቢሆንም የሟቹን ድርሻ ያለ ኑዛዜ እንደማይወርስ ከአቶ ሐፍቶም የሰማሁት እኔም ዘግይቼ ነው። የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሩ የት እንዳለ አንድ ሰው ይወቅ። የሚከፋው ሰው ካለ ቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

አትፍሩት፤ በሕይወት እስካላችሁ ድረስ ይለወጣል። እኔም አንድ ቀን ሩታ ወልዳ ሳያት የልጇን ስም ጨምሬ የኔን እንደገና ለመጻፍ አስቤያለሁ።