ሦስት እጅ ያላት ልብስ ሰፊ

ሠፈሩ «ብልጭታ» የሚለው ፎቶ አንሺ ሃያ ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። «ቀና በል፣ አትሳቅ» ማለት ስለለመደበት፣ ሚስቱ በሠርጋችን ቀን ለእኔም ብሎኛል እያለች ታስቅበታለች። ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ግን ደንበኛው ሳስቶ፣ ስቱዲዮውን የመዝጋት ሐሳብ ይመላለስበት ነበር።

አንድ ቀን ከአንድ የጥናት መሥሪያ ቤት ተደወለለት። ለኤች ዲ አር የሚሆኑ፣ ሰዎችን ሥራ ላይ ሳሉ የሚያሳዩ ስድስት ፎቶዎች ይፈለጋሉ፤ ከተወደዱ ቋሚ አንሺያችን ይሆናሉ አሉት። ብልጭታ ኤች ዲ አርን ያውቀዋላ። ካሜራው አንዱን ነገር አከታትሎ ሦስቴ ያነሳል፤ አንዴ አጨልሞ፣ አንዴ ደህና አድርጎ፣ አንዴ አንጥቶ። ከዚያ ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ አንድ ማድረግ ነው።

ሥራው ማተሚያ ቤት በሚገባበት ቀን ጠዋት ስድስቱን ፎቶ ይዞ ቀረበ። የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ኢኮኖሚስት ስታገላብጥ ቆይታ የአንዲት ልብስ ሰፊ ፎቶ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኚህ እናት ስንት እጅ ነው ያላቸው?»

ሴትዮዋ ስትሰፋ እጇ ተንቀሳቅሶ፣ ሦስቱ ፎቶ ሲደራረብ ሦስት እጅ እንደወጣላት አስረዳ። ኤች ዲ አር ሰው ካልቆመለት እንዲህ ያደርጋል አለ።

«የእኛ ኤች ዲ አር እኮ የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሲያጥር ነው» አለችው ቀስ ብላ። ፊደሎቹ ያው፣ ነገሩ ሌላ። «ፋይሉ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ካልደረሰ ሌላ አንሺ ጋ እንደውላለን።»

አምስት ሰዓት አልፏል። ያልተደራረበው፣ ደህናው ፎቶ ትዝ አለው፤ የካሜራው ካርድ ግን ስቱዲዮ፣ ሚስቱ ዘንድ ነው። መተላለፊያው ላይ ወጥቶ ሲደውልላት፣ ጠዋት ደንበኛ መጥቶ ካሜራው «ሞልቷል» ስላላት ካርዱን ማጽዳቷን ነገረችው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንማ ምን በወጣኝ። የጠቆረና የነጣ የተበላሸውን ነው የጣልኩት። አንተ ሰውዬ ግን፣ በዚህ ዕድሜህ ብርሃን መመጠን ጠፋህ?»

የተረፉትን ስድስቱን በስልኬ ላኪልኝ አላት። አምስቱ ቶሎ ገቡ። የልብስ ሰፊዋ ግን ግማሽ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ፤ እሱም አብሮት ትንፋሹን ያዘ። ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ገባ።

ኢኮኖሚስቷ ፎቶዎቹን ከስልኩ ተቀብላ ገጹ ላይ አስቀምጣ ፋይሉን ላከችና ወንበሯን አዞረች።

«ከእንግዲህ ጋሼ፣ ሥራ ስናዝዝዎት ስሙን ሳናሳጥር ነው።»

ብልጭታ «ከእንግዲህ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ነው የተቀመጠው።